የኑግ ዘይት ቤት ውስጥ እንዴት ይወጣል?

የደንቢያና የጎንደር ዙሪያ ኑግ ታጭዶ ገበያ ሲገባ ዘይቱን ቤት ማውጣት ይቻላል። አስቀድሞ ግን ዘይት ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዘይት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው፤ አንድ ግሊሰሪን ሦስት የስብ አሲዶችን ይዞ ነው የሚገኘው። ከውሃ አይዋሃድም፣ ከውሃም ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዘዴው በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ 5 ኪሎ ኑግ አበጥረው ይልቀሙ። የኑግ ፍሬ ሞላላ፣ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው። ክብና ላዩ የተቦረቦረ ጥቁር ፍሬ ካገኙ አርጌሞን የተባለው ባለ ቢጫ አበባ እሾሃማ አረም ሊሆን ስለሚችል አውጥተው ይጣሉት። ዘይት ውስጥ ከገባ እግር ያሳብጣል፣ ልብ ይጎዳል፤ ዘይቱን ማፍላትም አያስተማምንም። ለመልቀም ጊዜ ከሌለዎት ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል።

ቀጥሎ በመጠነኛ እሳት፣ ጥቂት ጥቂቱን፣ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ያምሱ። ሙቀቱ ፕሮቲኑን ያረጋል፣ ዘይቱን ያቀጥናል። ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ካለ ይበቃዋል። ከጨሰ አሯል፤ ዘይቱ ይመራል። ለብ ብሎ ብቻ ከወረደ ደግሞ ዘይቱን አይለቅም።

ትኩሱን ይውቀጡ፤ ዱቄቱ ሲጨበጥ መዳፍ ላይ ዘይት እስኪተው ድረስ። ማሰሮ ውስጥ ጨምረው፣ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን ፍል ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እያፈሰሱ ያማስሉ። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቆይቶ ከበረደ አይሠራም፣ እየተንተከተከ ይጨምሩት። ውሃው በአንዴ ከተደፋ ዘይቱ ደቅቆ ከውሃው ጋር ድፍርስ ይሆናል፣ መለየቱም ያስቸግራል።

ማሰሮውን ለስላሳ ነገር ላይ አስቀምጠው፣ ቅቤ እንደሚናጥ ወዲያ ወዲህ ይናጡት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ቀድተው በዝግታ እሳት፣ አረፋውና ጭርጭርታው እስኪቆም ያሙቁት፤ ውሃ ከቀረበት መጥበሻ ላይ ይፈናጠራል፣ ቶሎም ይበላሻል።

ከኑግ ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶው ዘይት ነው፤ በእጅ ግን ሁሉም አይወጣም፣ ብዙው ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። የኑግ ዘይት አብላጫው ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው የስብ አሲድ ስለሆነ አየርና ብርሃን ቶሎ ያከረፉታል። ስለዚህ አጥልለው፣ ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው ጨለማ ቦታ ያኑሩት፤ ብዙ ከማውጣት ትንሽ ትንሽ እያወጡ መጠቀም ይመረጣል። ፋጉሎውን በፀሐይ በደንብ አድርቀው ለከብት ይስጡ፤ እርጥቡ ከተከማቸ ይሻግታል፣ የሻገተውን ደግሞ ለከብትም አይስጡ።