ከድሬ ሆኖ የሰመጠች የጦር መርከብ ታሪክ እንዴት ይጣራል

በርጫ ላይ የመርከብ ወሬ ከተነሳ ሁሉም አድሚራል ነው አቦ! በጣሊያን ጊዜ ምፅዋ የነበሩት መርከቦች እንዴት እንዳለቁ አስር ሰው ብትጠይቁ አስር አይነት ነው የሚነግራችሁ። ማጣራት ለምትፈልጉ በአንዷ ላሳያችሁ፣ ፍራንቼስኮ ኑሎ በምትባለው ትንሽ የጣሊያን ደስትሮየር (ፈጣን የጦር መርከብ ማለት ነው)።

ስሟን ብቻ ጎግል ላይ እንዳትፅፉ፣ ምክንያቱም እ.ኤ.አ በ1863 ፖላንድ ውስጥ የሞተ ጣሊያናዊ ተዋጊ ስም ስለሆነ የሱ ሀውልት ምናምን ነው የሚመጣላችሁ። ደስትሮየር የሚለውን እና 1940ን ጨምሩበት፣ ያኔ 120 ሚሊ ሜትር መድፎቿ ከነቶርፔዶዎቿ ይመጣሉ።

ቀኑን ወዲያው ወደኛ አቆጣጠር መልሱት። ኑሎ የጠፋችበት ውጊያ እ.ኤ.አ ጥቅምት 21 ቀን 1940 ነው፣ በኛ ጥቅምት 11 ቀን 1933። ሁለቱም ጋ ጥቅምት ስለሆነ ነው ሰው የሚምታታበት፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ፃፉት።

ዋናው ስራ ግን አጠፋፏን መበታተን ነው። ማን መታት፣ የት ቆመች፣ ማን ጨረሳት፣ እነዚህን ለየብቻ ጠይቁ። ኑሎ ከምፅዋ ከሌሎች ሶስት መርከቦች ጋር በሌሊት ወጥታ ቢኤን 7 የሚባለውን የእንግሊዝ ኮንቮይ (በጦር መርከብ ታጅቦ የሚሄድ የመርከቦች ቡድን) ልትመታ ሄደች፣ አልተሳካም፣ ሲነጋ ኪምበርሊ የምትባል የእንግሊዝ ደስትሮየር እያሳደደች መታቻትና ከዳህላክ በስተሰሜን ሀርሚል ደሴት ጋ መሬት ላይ ወጥታ ቀረች፣ ከዛ ደግሞ አውሮፕላኖች መጥተው እዛው ደበደቧት። አያችሁ፣ አንዱ ኪምበርሊ ናት ሲል ሌላው አውሮፕላን ነው ቢል ሁለቱም አልዋሸም።

የአንድ ወገን ብቻ አታንብቡ። የእንግሊዙን ብቻ ካነበባችሁ አዛዡ ቦርሲኒ ከመርከቧ አልወርድም ማለቱን፣ ቻራቮሎ የሚባለው መርከበኛም አብሮት መቅረቱን ታልፉታላችሁ (ሁለቱም ከሞቱ በኋላ የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጥቷቸዋል)። የጣሊያኑን ብቻ ከሆነ ደግሞ ጀግንነቱ ይበዛና ኮንቮዩ ብዙም ሳይጎዳ ማለፉ ይረሳል። ደሴቱ ላይ የነበረው የጣሊያን መድፍ ኪምበርሊንም መቷት ሊያንደር የምትባል መርከብ እየጎተተች ፖርት ሱዳን እንዳደረሰቻት ብዙ ሰው አያውቅም፣ ለኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ እሱ ነው።

አባቱ ወይ አያቱ የነገረውን የሚያወራ ሽማግሌ ካገኛችሁ አመተ ምህረት አትጠይቁት፣ "እንግሊዝ ድሬ ከመግባቱ በፊት ነው በኋላ?" በሉት። እንግሊዝ ሀረርን መጋቢት 17፣ ድሬን መጋቢት 20 ቀን 1933 ነው የያዘው። በኋላ ካላችሁ የሚያወራው ስለ ኑሎ አይደለም፣ መጋቢት 25 በአውሮፕላን ስለሰመጡት ሌሎች የጣሊያን ደስትሮየሮች፣ ስለ ማኒን እና ሳውሮ ሊሆን ይችላል።

ሰፈራችሁ ጡረታ የወጣ የባህር ሀይል ሰው ካለ ካርታውን ይዛችሁ ሂዱ። ስለ 1933 ባይነግራችሁም እነሱ እስከ የካቲት 1982 ምፅዋን ቤዝ አድርገው ሰርተዋል፣ በዳህላክ ኮራል መሀል በሌሊት መንዳት ምን እንደሚመስል ከነሱ የተሻለ የሚነግራችሁ የለም።