ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ሲከሰስ፦ እባካችሁ እነዚህን አትሳሳቱ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ካለችው የጥብቅና ቢሮዬ አንድ የመንዙማ ባለሙያ መጣ። ስልኩን ዘረጋልኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይስሟት።» ድምፁ የራሱ ነው፤ ቪዲዮው ላይ የተለጠፈው ፎቶ ግን የሌላ ሰው። የጫነው ሰውዬ የሚኖረው አውሮፓ ነው። «እዚሁ ከሰን እናስፈርድበት» አለኝ።

ይህችን ነገር ስንቴ ሰማኋት! ሰው ማስፈረዱን እንጂ ማስፈጸሙን አያስብም። ተከሳሹም ንብረቱም ውጭ ከሆኑ ፍርዱን ይዘህ የዚያን አገር ፍርድ ቤት ደጅ ልትጠና ነው። እነሱም ዝም ብለው አይቀበሉህም። እኛስ መች እንቀበላለን? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 458 የውጭ ፍርድ ሲመጣ፣ የእኛ ፍርድ እዚያ አገር ይፈጸም እንደሆነ መጀመሪያ ያጣራል።

ትልልቆቹም ተሸውደዋል። «ስታር ዋርስ» የተባለውን ፊልም የሠራው ሉካስፊልም፣ የፊልሙን ወታደሮች የራስ ቁር እየሠራ በኢንተርኔት የሚሸጥ እንግሊዛዊ አሜሪካ ላይ ከሰሰ። ሰውዬው አልቀረበም፤ 20 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደበት። ፍርዱ እንግሊዝ ሲደርስ ግን አልተፈጸመም። በድረ ገጽ ለአሜሪካውያን መሸጥ አሜሪካ እንደ መገኘት አይቆጠርም ተባለ። የሚገርመው፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የቅጂ መብት ላይ የተነሣውን ክስ እዚሁ እንግሊዝ ማየት ይቻላል አለ። ተከሳሹ የሚኖረው እዚያው ነዋ!

«ሰርቨሩ (ቪዲዮው የተቀመጠበት ኮምፒውተር) አሜሪካ ስለሆነ እዚህ መክሰስ አይቻልም» የሚሉም አሉ። ሰርቨሩን ተዉት። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ፒንክኒ በተባለው መዝገብ፣ ገጹ ፈረንሳይ ውስጥ መከፈቱ ለፈረንሳይ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይበቃል ብሏል። ካሣው ግን እዚያው ፈረንሳይ ለደረሰው ጉዳት ብቻ።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ ዩቲዩብ በቅጂ መብት አቤቱታ ቪዲዮውን ከገጹ ሲያነሣበት ተናደደና የመቃወሚያ ቅጹን ሳያነብ ሞልቶ ላከ። ቅጹ ላይ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማቱ ተጽፏል። ቪዲዮው ይነሣልኝ ብሎ ያመለከተው ሰው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መክሰሱን ካላሳየ ቪዲዮው ይመለሳል። ሥራው የራስህ ከሆነ ሙላው፣ ምን ገዶህ! የልጁ ግን ከሰው የተወሰደ የክራር ቅጂ ነበረበት። ልጄ፣ አንብብ።

ወረዳ ፍርድ ቤትም አትሂዱ። ይህን እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ የቅጂ መብት ክስ ይዤ ወረዳ ገባሁ፤ ዳኛው «የሥረ ነገር ሥልጣን የለኝም»፣ ማለትም ይህን ዓይነት ጉዳይ ማየት አልችልም፣ ብለው መዝገቡን ዘጉት። ጉዳዩ የፌዴራል ነው፤ በክልል በውክልና የሚታየው ከከፍተኛ ፍርድ ቤት ጀምሮ ነው። ደንበኛዬን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።

ሌባውን ደውላችሁ ከመስደባችሁ በፊት ሊንኩንና ቀኑን ያዙ። ያጠፋዋል።

አምባሰልን ወይም ባቲን «የእኔ ነው» ብሎ የሚመጣም አይጠፋም። ቅኝት ባለቤት የለውም፤ የድሮ ሼሆች ግጥምም እንዲሁ። ያንተ የሆነው አቀራረብህና ቀረጻህ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቅልህም እሱን ነው።

ለመንዙማው ባለሙያ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ቡናውን ጨረሰና ሊወጣ ሲል፣ «ብቻ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ላይ ፎቅ እየሠራ ነው እኮ» አለኝ።

«ማን?»

«ሌባው ነዋ።»

ቁጭ በል አልኩት። ይህን ከመጀመሪያው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ስለ አውሮፓ ባልለፈለፍኩ። ቦታው በስሙ መሆኑን እንዲያጣራ ላክሁት።