የአኳሪየም ቧንቧ መጋጠሚያ ሲያፈስ፦ ችግሩና መፍትሔው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤቱ ውስጥ አኳሪየም ያለው ሰው ከገንዳው ሥር እርጥበት ሲያይ ወዲያው መጋጠሚያውን ወደ ማጥበቅ ይሄዳል። ይህ ግን መጨረሻ ላይ ሊደረግ የሚገባው ነገር ነው። ውሃ የቧንቧውን ሆድ ተከትሎ ከወረደ በኋላ ስለሚንጠባጠብ፣ ጠብታው የታየበትና ፍሳሹ የተነሣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ስለዚህ ቧንቧው በሙሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግና በየመጋጠሚያው ላይ ሶፍት ይጠቅለል፤ ቀድሞ የሚረጥበው ምንጩን ያሳያል።

እጅ ውሃ ከመንካቱ በፊት ፓምፑና ማሞቂያው ከሶኬት ይነቀሉ። ትኩስ ማሞቂያ አየር ላይ ሲወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ከተነቀለ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ውሃው ውስጥ ይቆይ። የደሴ ሌሊት ስለሚበርድ ሥራውን ጠዋት መጀመር ይመረጣል።

ፓምፑ ቆሞም ፍሳሹ ከቀጠለ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በመስታወቱ ቀዳዳ የሚያልፈው መጋጠሚያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮች ለሮቶ የሚገጠመውም አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ምትኩ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሊገኝ ይችላል፤ ነገር ግን ነሐሱ ሳይሆን ፕላስቲኩ ይገዛ፣ ከነሐስ የሚወጣው መዳብ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላልና። እዚህ ቦታ ላይ የሚታየው ዋና ስሕተት ጎሚኒውን፣ ማለትም ውሃ እንዳያልፍ የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት፣ መጋጠሚያውን በሚያጠብቀው ዳዶ በኩል ማድረግ ነው። ጎሚኒው በዚያ በኩል ሲሆን ውሃው በጥርሶቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ ዳዶውም ሲዞር ጎሚኒውን አብሮ ያጣምመዋል። ትክክለኛው ቦታ በመጋጠሚያው ሰፊ ከንፈርና በመስታወቱ መካከል ነው። ቦታው ትክክል ሆኖም የሚያፈስ ከሆነ፣ ከሥሩ የአሸዋ ቅንጣት ወይም የኖራ ቅርፊት ገብቷል፣ አለበለዚያ ጎሚኒው ራሱ ደርቋል ማለት ነው።

መፍትሔው ውሃውን ከቀዳዳው በታች ዝቅ አድርጎ መፍታት፣ መስታወቱን በምላጭ፣ ኖራውን በአቼቶ አጽድቶ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ጎሚኒው ሲታጠፍ ስንጥቅ ካሳየ ይለወጣል። አንዳንዱ ዳዶ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚጠብቅ ጉልበት ከመጠቀም በፊት የጥርሱን አቅጣጫ ማየት ይገባል። በእጅ እስኪከብድ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመር፤ ጎሚኒው ከከንፈሩ ጠርዝ አብጦ ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል፣ ከዚህ በላይ መስታወቱ ይሰበራል። የሲልከን ማጣበቂያ መቀባት ብልህነት ቢመስልም፣ ጎሚኒውን አንሸራቶ ከቦታው ያስወጣዋል፤ እርጥብ ነገር ላይ ከውጭ ሲለጠፍማ ጨርሶ አይይዝም።

ፍሳሹ ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ከታየ ምንጩ ግፊት ባለበት መስመር ላይ ያለ የመጋጠሚያ ጥርስ ነው። መጋጠሚያው ተፈትቶ በጥርሱ ላይ የተጠመጠመው አሮጌ ቴፍሎን (ነጩ ማሸጊያ ጥብጣብ) ሙሉ በሙሉ ይነሣና አዲሱ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ሦስት አራት ዙር ይጠመጠም። ኤልቦው (የታጠፈው መጋጠሚያ) አቅጣጫውን እንዲይዝ ብሎ ከጠበቀ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የታሸገውን ይከፍተዋል፤ እንደገና ፈትቶ መጠምጠም ነው። በዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ በሚፈታው መጋጠሚያ) ላይ ግን ቴፍሎን አያስፈልግም፣ የሚያሽገው በውስጡ ያለው ቀለበት ጎሚኒ ነው። ይህን ጎሚኒ በቫዝሊን ማለስለስ የተለመደ ቢሆንም አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል፤ የሲልከን ቅባት ይሻላል። በሙጫ የተጣበቀ ቧንቧ ካፈሰ ቆርጦ መተካት እንጂ መለጠፍ አያዋጣም።

የጎማ ቱቦ ከሆነ የሰፋው ጫፍ ይቆረጥ፣ አዲሱ ጫፍ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ይገባና በፋሼታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይታሰር።

ሥራው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ የማጣሪያው ስፖንጅ ከዓሦቹ ጋር የአየር ፓምፕ ባለው ባልዲ ውስጥ ይቀመጥ፤ ውሃውን የሚያጠሩት ባክቴሪያዎች ያለ ኦክስጅን ይሞታሉ። ገንዳው መጀመሪያ ከመጋጠሚያው ጥቂት ከፍ እስኪል ብቻ ይሞላና ደረቅ ሶፍት ተጠቅልሎበት ይታይ፤ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ቀሪው ይሞላል፣ ሲሞላም የሚጨመረው ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ ክዳን በሌለው ዕቃ 24 ሰዓት የቆየ መሆን አለበት።