ፈተናን ለማሸነፍ ሲታገሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ፈተና» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ መከራ ነው፦ ሕመም፣ ሐዘን፣ ማጣት፣ ስደት። ሌላው ወደ ኃጢአት የሚጎትት ማባበል ነው። በሐዲስ ኪዳን ያለው «ፔይራስሞስ» የሚለው የግሪክ ቃልም እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል። ያዕቆብ በመልእክቱ 1ኛ ምዕራፍ ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል፤ ከቁጥር 2 እስከ 12 ስለ መጀመሪያው፣ ከ13 እስከ 15 ስለ ሁለተኛው ይናገራል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ሁለቱን ከማደባለቅ፣ አለዚያም ትግሉ የት ላይ እንደሚጀመር ካለማወቅ ነው።

የሚታገሡትንና የሚሸሹትን ማምታታት

መከራ ሲመጣ መጽሐፍ ቅዱስ «ታገሡ» ይላል። ማባበል ሲመጣ ግን የሚለው «ሽሹ» ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ከዝሙት ሽሹ (1ኛ ቆሮ. 6፥18)፣ ከጣዖት አምልኮ ሽሹ (10፥14) ይላቸዋል፤ ጢሞቴዎስንም ከጎልማሳነት ምኞት እንዲሸሽ ያዘዋል (2ኛ ጢሞ. 2፥22)። ይህን የገለበጠ ሰው መጠጥ ከሚቀዳበት ገበታ ሳይነሣ «ፈተናዬን እየታገሥኩ ነው» ይላል። መነሣት ሲገባው ጽናቱን ሊያሳይ ይቀመጣል።

ግልባጩ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት «ፈተና ነው፣ ቻይው» ትባላለች። ይህ ምክር ሰው ይገድላል። ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዳዊት ዘወር አለ፤ ጦሩ ግድግዳው ላይ ተተከለ፣ እርሱም በዚያው ሌሊት ሸሽቶ አመለጠ (1ኛ ሳሙ. 19፥10)። ሽሽቱን እምነት ማጣት ብሎ የቆጠረበት የለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ይህ ነገር የሚያሳምመኝ ነው ወይስ የሚጠራኝ? የሚጠራዎት ከሆነ ቦታውን ይልቀቁ። የሚያሳምምዎትን ደግሞ ብቻዎን አይሸከሙት፤ በደል ከሆነም ደኅንነትዎን ያስቀድሙ።

ሐሳቡ መምጣቱን እንደ ውድቀት መቁጠር

ኢየሱስ በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ፣ ነገር ግን ኃጢአት የሌለበት መሆኑን የዕብራውያን መልእክት ይናገራል (4፥15)። መፈተን ራሱ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ይህ ቃል ባልተጻፈ ነበር። የያዕቆብም ቅደም ተከተል ግልጽ ነው፦ ምኞት ይስባል፣ ያታልላል፣ ከዚያ ትፀንሳለች፣ ኃጢአትን ትወልዳለች፣ ኃጢአትም ስታድግ ሞትን ትወልዳለች። በ7ኛው መቶ ዓመት በሲና ገዳም አበምኔት የነበረው ዮሐንስ ክሊማቆስ መንገዱን በደረጃ ከፋፍሎታል፦ መጀመሪያ ሐሳቡ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ ሰው ከሐሳቡ ጋር ጭውውት ይገጥማል፣ ይስማማል፣ ይማረካል፣ በመጨረሻም ነገሩ ሥር ሰድዶ ልማድ ይሆናል። የመጀመሪያው ደረጃ በደል የለበትም።

ይህን አለመለየት የሚያመጣው ጉዳት የታወቀ ነው። ሰውየው «አስቤዋለሁ፣ ስለዚህ ወድቄአለሁ፤ ከወደቅሁ አይቀር ልጨርሰው» ይላል። ከዐሥር ውድቀት ምን ያህሉ በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በኩል እንደገባ እያንዳንዱ ሰው ልቡ ያውቀዋል። በማቴዎስ 5፥28 ላይ ኢየሱስ የሚናገረውም ለመመኘት ብሎ ስለሚያይ ዓይን እንጂ ሳይጠራ ብልጭ ስላለ ሐሳብ አይደለም።

ሐሳቡ ሲመጣ በስሙ ይጥሩት፦ «ይህ ቅናት ነው»፣ «ይህ በቀል ነው»። ከዚያ አይከራከሩት። ሔዋን ከእባቡ ጋር ክርክር ገጠመች፣ ቀጥላ ዛፉን አየች፣ ለመብላት ያማረ መሆኑን አሰበች፣ ወሰደች። ኢየሱስ ግን በምድረ በዳ ለእያንዳንዱ ማባበል የመለሰው አጭር ቃል ብቻ ነው። በስሙ ጠርተው እጅዎ ወደ ነበረበት ሥራ ይመለሱ። ሐሳቡ ተመልሶ ቢመጣ ያንኑ ይድገሙ፤ ዐሥር ጊዜ ቢመጣ ዐሥር ጊዜ መመለስ ሽንፈት አይደለም።

ትግሉን በመጨረሻዋ ደቂቃ መጀመር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። 2ኛ ሳሙኤል 11ን ቀስ ብለው ያንብቡት። ነገሥታት ወደ ሰልፍ የሚወጡበት ወራት ነበር፤ ዳዊት ኢዮአብን ልኮ ራሱ በኢየሩሳሌም ቀረ። አመሻሽ ላይ ከአልጋው ተነሥቶ በሰገነቱ ተመላለሰ። አንዲት ሴት ስትታጠብ አየ። እዚህ ድረስ ፊቱን አዙሮ ወደ ታች መውረድ ብቻ ይበቃው ነበር። ግን ልኮ አስጠየቀ። መልሱ ሲመጣ «የኬጢያዊው የኦርዮ ሚስት» የሚል ስም ይዞ መጣ፤ ኦርዮ ከዳዊት ኃያላን አንዱ ነበር፣ በዚያች ሰዓት ለንጉሡ በጦር ሜዳ ላይ ነው። የባልዋ ስም ራሱ ከፈተናው መውጫ በር ነበር። ዳዊት አልፎት መልእክተኞች ላከ።

በሮቹን ቢቆጥሩ አራት ናቸው፦ ሰልፉ፣ ሰገነቱ፣ ጥያቄው፣ ስሙ። በመጀመሪያው ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት ትንሽ ነው፤ በአራተኛው ግን ሰውነት ሁሉ ወደ ታች ያዘነብላል። እግዚአብሔር ከፈተናው ጋር መውጫውን እንደሚያዘጋጅ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ተስፋ ይሰጣል። ብዙ ሰው ግን ሦስቱን በሮች አልፎ አራተኛው ላይ ሲደርስ «መውጫው የት አለ?» ብሎ ያማርራል። ዮሴፍን ደግሞ ይመልከቱ። ልብሱን ጥሎ የሸሸበትን ቀን ሁሉም ያስታውሳል፤ ከዚያ በፊት የጌታው ሚስት ዕለት ዕለት ስትነግረው ከእርስዋ ጋር መሆንን እንኳ እምቢ ማለቱን ግን ብዙዎች አያስተውሉም (ዘፍ. 39፥10)።

ስለዚህ በሰላሙ ቀን ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። በአንድ ነገር የወደቁባቸውን የመጨረሻዎቹን ሦስት ጊዜያት ይጻፉ። ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ያስፍሩ፦ ስንት ሰዓት ነበር፣ የት ነበርኩ፣ ከማን ጋር ነበርኩ ወይስ ብቻዬን፣ ምን ተሰምቶኝ ነበር፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ሰዓት ምን እያደረግሁ ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያዩአቸው አንድ የሚደጋገም ነገር አያጡም። የሚዘጋው እርሱ ነው። በሌሊት በስልክ የሚወድቅ ሰው ስልኩን ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ቻርጅ ያደርጋል፤ ለመቀስቀሻ ተራ ሰዓት ይበቃል። ቁማር የያዘው ሰው ገንዘቡ የሚገባበትን ሒሳብ ያለ ሌላ ሰው ፊርማ እንዳይንቀሳቀስ ያደርጋል። ቁጣው የሚያጠፋው ሰው ለሚያናድድ መልእክት በዚያው ሌሊት መልስ ላለመጻፍ ይወስናል። በሐሜት የሚወድቅ ደግሞ የዚያ ሰው ስም ሲነሣ ውኃ ለመጠጣትም ቢሆን ይነሣ። ጳውሎስ ለሥጋ ምኞት አታመቻቹ ሲል (ሮሜ 13፥14) እንዲህ ያለውን መዝጋት ይጨምራል።

ጸሎትን ለአደጋ ጊዜ ብቻ ማስቀመጥ

በጌቴሴማኒ ኢየሱስ ለደቀ መዛሙርቱ ያላቸው «ትጉና ጸልዩ» ነው፤ የሚፈተኑበት ሰዓት ገና አልደረሰም ነበር። እርሱ ሦስት ጊዜ ጸለየ፣ እነርሱ ተኙ። ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የካደው ያን ሌሊት ነው። የጸሎቱ ሰዓት ያለፈው ግቢው ውስጥ ሳይሆን በአትክልቱ ቦታ ነበር። ደካማ ሰዓትዎ ከምሽቱ አራት ሰዓት ከሆነ ጸሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሁን።

ጸሎቱ ደግሞ ነገሩን በስሙ ይጥራ፣ በእርምጃም ይለቅ። «ከክፉ ሁሉ ጠብቀኝ» መልካም ነው፣ ግን ሰፊ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ማታ ብቻዬን ነኝ፣ ስልኬን ይዤ ብቀመጥ የት እንደምደርስ አውቃለሁ፣ አሁን ተነሥቼ እንዳስቀምጠው እርዳኝ» ብለው ከአሜን በኋላ ተነሥተው ያስቀምጡት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በጸሎት ስም የኃጢአቱን ዝርዝር ለግማሽ ሰዓት ማውጣትና ማውረድ ሥዕሉን ሕያው ያደርገዋል። በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረው ለሌላ ሰው ወደ መለመን ይሻገሩ፤ የታመመ ወይም ያዘነ የሚያውቁት ሰው አይጠፋም።

ጥቅስን እንደ ክታብ መያዝ

ሰይጣንም ጥቅስ ጠቅሷል። ከመዝሙር 91 (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱሶች 90) ቁጥር 11 እና 12ን አውጥቶ ኢየሱስን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር አለው። የኢየሱስ ሦስቱም መልሶች ግን ከኦሪት ዘዳግም ናቸው፦ 8፥3፣ 6፥16 እና 6፥13። እነዚህ ምዕራፎች እስራኤል በምድረ በዳ ስለተፈተነችባቸው 40 ዓመታት ይናገራሉ፤ እርሱም 40 ቀን ጾሞ በምድረ በዳ ነበር። ለያዘው ነገር የሚስማማውን ክፍል ከነአሳቡ ያውቀው ነበር።

ሃያ ጥቅስ በወረቀት ከመሰብሰብ ይልቅ ለአንድ ፈተና አንድ ጥቅስ ይምረጡ። ምዕራፉን ሙሉ ያንብቡ፣ ጥቅሱን በእጅዎ ይጻፉ፣ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ጮክ ብለው ይበሉት። ለቁጣ ያዕቆብ 1፥19-20፣ ለገንዘብ ፍቅር ዕብራውያን 13፥5፣ ለምላስ ኤፌሶን 4፥29 ጥሩ መነሻ ናቸው።

ባዶ ቤት መተው

በማቴዎስ 12፥43-45 ርኩስ መንፈስ የወጣበት ቤት ተጠርጎ፣ አጊጦ፣ ባዶውን ይቆያል፤ ከዚያ ሰባት ሌሎች ይገባሉ። የተዉት ነገር በቀን አንድ ሰዓት ይወስድ ከነበረ ያ ሰዓት ሌላ ሥራ ካልተሰጠው ተመልሶ ይጠራል። ምትኩን ከመተው በፊት ይወስኑ።

ሥጋን መርሳት

ፈታኙ ወደ ኢየሱስ የቀረበው በተራበ ጊዜ ነው። ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ መጀመሪያ ያደረገው መቀስቀስና «ብላ» ማለት ነበር፤ ሁለት ጊዜ በላ፣ ሁለት ጊዜ ተኛ (1ኛ ነገ. 19)። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጸሎቱም ትዕግሥቱም ይሳሳል፤ ከትልቅ ድል ማግሥትም ጥበቃው ይላላል። ጾም ምኞትን ለመግራት ታላቅ መሣሪያ ነው፣ ለራስ ቅጣት ሲሆን ግን ሰውን ያደክማል። የታመመ፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሳያማክሩ አይጹሙ።

በምሥጢር መታገል

ያዕቆብ 5፥16 እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ ይላል። የንስሐ አባት ያለው ወደ አባቱ፣ ሌላውም ወደ መጋቢው ወይም ወደ በሰለ አማኝ ይሂድ። የሚመርጡት ሰው ምሥጢር ጠባቂ፣ በዕድሜ ወይም በእምነት የቀደመ፣ ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው፣ በዚያው ነገር አሁን እየወደቀ ያልሆነ ይሁን። ሲነግሩት አያድበስብሱ፤ «ትንሽ እየደከምኩ ነው» ማለት ኑዛዜ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ይህን እንዲጠይቅዎ ይስማሙ፦ «ወድቀሃል ወይ? በየትኛው በር? አሁን ለእኔ ያልነገርከኝ ነገር አለ?» ሦስተኛው ጥያቄ ከባድ ነው፣ ግን አይዝለሉት።

ሕመምን በጸሎት ብቻ ለመጨረስ መሞከር

ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዠው፣ የሚጥል ሕመም ሊነሣበት ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን። ያለ ፋታ የሚመላለስ፣ ሰውየው የሚጠላውና የሚያስጨንቀው የስድብ ወይም የርኩሰት ሐሳብም የአእምሮ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይየው። ጸሎቱ አይቋረጥም፤ ሕክምናው ይጨመርበታል።

ከወደቁ በኋላ መሸሸግ

ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት በጌታቸው ላይ በደሉ፣ ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ብቻውን ሄደ። ጴጥሮስ ግን ከወንድሞቹ ጋር ተገኘ፤ የካደው ፍም እየሞቀ ነበር (ዮሐ. 18፥18)፣ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ብሎ ጠየቀው (ዮሐ. 21)።

ከውድቀት በኋላ «ጥቂት ቀን ልቆይና ንጹሕ ስሆን እጸልያለሁ» ማለት ሁለተኛውን ውድቀት ይጋብዛል። በዚያው ሰዓት ይጸልዩ፤ 1ኛ ዮሐንስ 1፥9 የንስሐን ቀጠሮ አይሰጥም። በ24 ሰዓት ውስጥ ለዚያ ለመረጡት ሰው ይንገሩ። የበደሉት ሰው ካለ ይካሱ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። ከዚያ ያን ወረቀት አውጥተው አራተኛውን ውድቀት በአምስቱ ጥያቄዎች ይጻፉበትና፣ ክፍት የቀረውን በር ከመተኛትዎ በፊት ይዝጉት።