ዩቪሲ ኤልኢዲው ይበራል፣ ውሃው ግን ባክቴሪያ አለበት

ሐዋሳ ውስጥ ለጥገና የሚመጡልኝ፣ በዩቪሲ ኤልኢዲ (ጀርም የሚገድል አልትራቫዮሌት ጨረር በሚያወጣ አምፖል) የሚሠሩ የውሃ ማከሚያዎች ቅሬታቸው ይሄው ነው። ኃይል መግባቱንና ፊውዙን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

በሰማያዊው ብርሃን አትፍረዱ። ጀርም የሚገድለው ከ260 እስከ 280 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ጨረር ለዓይን አይታይም። ገበያ ላይ ደግሞ ተራ ወይን ጠጅ ኤልኢዲ "ዩቪሲ ነው" ተብሎ ይሸጣል። ቴስተር አምጡ፦ እውነተኛው አንድ ቺፕ ሲበራ ከ5 እስከ 7 ቮልት ይይዛል፤ 3 ቮልት ገደማ ካነበባችሁ ተሸውዳችኋል። ስትለኩ ዓይናችሁን ሸፍኑ፤ ጨረሩ ሲያቃጥል አይሰማም፣ ሕመሙ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው።

የጨረር መለኪያ ሴንሰሩ ሲበራ ጥሩ አንብቦ ከደቂቃዎች በኋላ የሚወርድ ከሆነ፣ ሙቀት ነው። እኔን ያሰለቸኝ ይሄ ነው። የተፈጠረው ጨረር ብዙው ሳይወጣ እዚያው ቺፑ ውስጥ ይዋጣል። ከገባው 100 ዋት አብዛኛውን ጊዜ 10 እንኳ በጨረር አይወጣም፤ ሌላው ሙቀት ነው። ቺፑ በጋለ ቁጥር ጨረሩ ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ታቦር አካባቢ ካለ ፔንሲዮን የመጣውን ስፈታ፣ ቺፑ ያለበት ቦርድ ሂትሲንኩ (ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት) ላይ የተለጠፈው በስፖንጅ ፕላስተር ነው! ሙቀት እንዳይወጣ ብርድ ልብስ አልብሰውታል። ሌላው ላይ ፔስቱ (በቦርዱና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም።

መፍትሄው፦ ቦርዱን ፍቱ፤ አሮጌውን ፔስት በአልኮል አጽዱ፤ አዲሱን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ አራቱንም ብሎኖች በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ። ቦርዱ እስኪጎብጥ ግን አይደለም። "ጨረሩን እናበርታ" ብላችሁ ከፍ ያለ ድራይቨር (ለቺፑ ከረንት የሚሰጠው ክፍል) አትግጠሙ። ከረንቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ቺፑን ያቆየዋል፤ የውሃውን ፍሰት ግን አብራችሁ ቀንሱ።

ጨረሩ ከመጀመሪያው ደክሞ እዚያው የሚቆይ ከሆነ፣ ወደ ውሃው የሚያልፍበትን የኳርትዝ መስኮት እዩ። ነጭ ቅርፊት ካለበት በአቼቶ ይለቃል። ኳርትዙ ተሰብሮ የመስኮት መስታወት የገጠሙበትም አጋጥሞኛል፤ ጥርት ብሎ ያሳያል፣ ዩቪሲን ግን አያሳልፍም። ምን ነካችሁ?

ጭራሽ የማይበራ ቺፕ ብርቅ ነው፤ ቀይሩት።

ደንበኛ "ፍሎራይዱንም ያጠፋልኛል?" ካለ፣ አያጠፋም በሉት። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ከሆነ ለፍሎራይዱ ሌላ ማጣሪያ ያስፈልገዋል።