የቤንዚን ሃይሉክስ ላይ የናፍጣ ሞተር ሲገጠም

አዳማ ውስጥ የቤንዚን ሞተሩ ያለቀበት አሮጌ ሃይሉክስ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ 3ኤል (2779 ሲሲ) ወይም 5ኤል (2986 ሲሲ) የናፍጣ ሞተር ያማርጣል። ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሁለቱም ያለ ቱርቦና ያለ ኮምፒውተር ይሠራሉ። 5ኤል-ኢ የሚባለው ግን የናፍጣ ፖምፓው በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ ይለፉት።

የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ የሰፈረ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ስለ ለውጡ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠይቁ፤ የግዢ ደረሰኙንም አይጣሉ።

ሞተሩን ብቻውን አይግዙ። ካምቢዮ፣ ቮላኖ (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ክብ ብረት)፣ ፍሪሲዮን፣ የሻንሲ ሱፖርቶ (ሞተሩ የሚቀመጥበት)፣ ራዲያተር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖና የማሞቂያ ካንዴላው (ለማስነሳት ሲሊንደሩን የሚያሞቀው) ሪሌ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ማብሪያ፣ አብረው ይምጡ። የቤንዚኑ ካምቢዮ ከኤል ሞተር ጋር አይገጥምም። ማሞቂያ ካንዴላ ደግሞ የ6 እና የ12 ቮልት አለ፤ ከሪሌው ጋር ካልተስማማ በሰከንዶች ሊቃጠል ይችላል። ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለክተው ይግዙ፦ የ3ኤል ደህናው በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ፣ ዝቅተኛው 20 ኪሎ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ኪሎ አይለፍ። ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ የታይሚንግ ቺንጊያውንና (ቀበቶውንና) የመወጠሪያውን ኩሽኔታ በአዲስ ይቀይሩ። ቺንጊያው ከተበጠሰ ቫልቭ ከፒስተን ይጋጫል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ፍሬን ነው። የቤንዚን ሞተር የፍሬን ሰርቮውን (ፔዳሉን የሚያቀልለውን ክፍል) አየር በመሳብ ኃይሉ ይረዳዋል፤ ናፍጣ ግን ያ መሳብ የለውም። ስለዚህ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመው የቫኩም ፖምፓ የግድ ያስፈልጋል። ወደ ሰርቮ በሚሄደው ጎማ ላይ ያለው የአንድ አቅጣጫ ቫልቭም ይኑር። ፖምፓው ዘይት የሚያገኘው ከሞተሩ ነው፤ የዘይት መመለሻው ጎማ ከታጠፈ ዘይት ወደ ዲናሞው ሊገባ ይችላል። አፈታተሹ ቀላል ነው፦ ሞተሩን አጥፍተው ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግመው ይርገጡ፤ እግርዎን ሳያነሱ ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ዝቅ ካላለ መኪናው ከጋራዥ አይውጣ።

የነዳጅ ታንኩን አውርደው ያሳጥቡ፤ የተረፈ ቤንዚን የናፍጣ ፖምፓን ቅባት ያሳጣል። የቤንዚን ፖምፓውን ያውጡ፣ የመመለሻ መስመር ይዘርጉ፣ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ይግጠሙ። አየር ለማስወጣት ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፕ እስኪጠነክር ይጫኑ፣ የኢንጄክተር ቱቦዎችን ዳዶ ያላሉ፣ ናፍጣ እስኪወጣ ሞተሪኖውን ያዙሩ። በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ አይለፍ።

አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል። ጉልበት ይጨምራል ብሎ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን ማጥበቅ ጥቁር ጭስና የጋለ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነው ትርፉ። ማስተካከል ካስፈለገ የፖምፓ ባለሙያ ይሥራው። ከዚያ የአሰላን ዳገት ያስወጡት፣ የሙቀት ጌጁን እያዩ። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ያስነሱ፤ አረፋው ካላቋረጠ ቴስታታው ወይም ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ሻጩ ዋስትና ከሰጠ ያኔውኑ ይመልሱ።