ነጥብ ከወለል ወደ ጣሪያ ሲሻገር የምንሳሳተው

ደብረ ማርቆስ ቤት ስሠራ ቆርቆሮ አነሰኝ። አናጺው አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት ጂኦሜትሪ የማስተምረው እኔ ነኝ።

የወለሉን ነጥቦች ወደ ጣሪያው ጠለል (ዝርግ ገጽ) ሳሻግር፣ በየትኛው መንገድ እንደሚሄዱ ራሴን አልጠየቅኩም። ዋናው ስህተት ይኸው ነው። ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው የግንበኛ ገመድ) የሚያሳየው ወደ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ለጣሪያው ቀጤ ነክ የሆነ፣ ማለትም ጣሪያውን በ90 ዲግሪ የሚያገኝ ሌላ መንገድም አለ። ጣሪያው ዘመም ካለ ሁለቱ ይለያያሉ።

በቁጥር እንየው። ጣሪያው ግድግዳው ጋ ከፍታው 3 ሜትር ነው፤ ወደ ውስጥ በየ2 ሜትሩ 1 ሜትር ይነሣል። ከግድግዳው 4 ሜትር ገባ ብሎ ወለሉ ላይ ያለ ነጥብ እንውሰድ። በቱምቢ ከወጣን ከግድግዳው ያው 4 ሜትር ላይ፣ 5 ሜትር ከፍታ ላይ ጣሪያውን እንነካለን። በቀጤ ነክ ከሄድን ግን ከግድግዳው 2 ሜትር ላይ፣ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። ሌላ ቦታ!

ርዝመትም ይለወጣል። የወለሉ 4 ሜትር በቱምቢ 4.47 ሜትር ይሆናል፣ በቀጤ ነክ 3.58። እኔ ያዘዝኩት በ3.58 ነበር። አናጺው «መምህር፣ ቱምቢ የሚባል ነገር ረሱ እንዴ?» አለኝ። ተዳፋቱን ተሻግሮ፣ ከጣሪያው አናት ጋር ትይዩ የተለካ ርዝመት ግን በሁለቱም መንገድ አይለወጥም። ሁሉንም ልኬት በአንድ ቁጥር ማባዛት እንግዲህ ሌላ ስህተት ነው።

ፎቶ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከጮቄ ተራራ ተዳፋት ሆናችሁ ታች ያለ የጤፍ ማሳ አነሣችሁ እንበል። ማሳው አንድ ጠለል፣ ፎቶው ሌላ ጠለል ነው፤ መንገዶቹ ሁሉ በካሜራው ዓይን ያልፋሉ። ቀጥ ያለ ድንበር ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ትይዩ ድንበሮች ግን ሲርቁ ይጠባሉ። ስለዚህ የማሳውን መሃል ፎቶው ላይ በማስመሪያ ለክቶ ማግኘት አይቻልም። ማሳው ተቃራኒ ጎኖቹ ትይዩ የሆኑ አራት ማዕዘን ከሆነ ማዕዘኖቹን በሰያፍ አገናኙ፤ መሃሉ መስመሮቹ የሚቋረጡበት ነው።

ፎቶውን ከማሳው ጋር ለማዛመድ ሦስት ነጥብ ይበቃል የሚሉ አሉ። አይበቃም። አራት ያስፈልጋል፣ የትኞቹም ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ያልዋሉ። አምስተኛ ካገኛችሁ ለማረጋገጫ ይሁን። እርከን ያለበት ማሳ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ እርከን የራሱ ጠለል ነው፤ አንድ ላይ አትጨፍልቁት።

ቀጥ ብሎ ወደቆመ ግድግዳ በቱምቢ ነጥብ ልውሰድ ማለትም አለ። የቱምቢው ገመድ ከግድግዳው ጋር ትይዩ ስለሆነ አይገናኙም። ስሌቱ በዜሮ ማካፈል ላይ ይደርስና እዚያው ይቆማል።